የታጠፈው ምዕራፍ

በኮምቦልቻ የአራተኛ መንደር ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው፣ ሰው ሲሞት ሦስት ነገር ያደርጋል። ድንኳን ይተክላል፣ ቀብር ያስፈጽማል፣ ሟቹ ቅጠል በሚባለው የንባብ አገልግሎት ላይ የተወው ጽሑፍ ካለ ያነባል።

ሦስተኛው የቅርብ ጊዜ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ጡረተኛ የእንስሳት ሐኪም ሲሞት ለልጆቹ የተረፈው ስለ ላም ጡት በሽታ የጻፈው መጽሐፍ ብቻ ነበር። መጽሐፉ የሚያስገኘው ገቢ እንዳይቋረጥ ቅሬው ተሰብስቦ ወሰነ። እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ሠላሳ ስምንት ቤተሰብ፣ በየእሑዱ ተቀምጦ ስለ ላም ጡት አነበበ። ዛሬ በሰፈራችን ላም ያለው ሰው የለም። የጡት በሽታ ምልክቶችን በቅደም ተከተል የማይዘረዝር አዋቂም የለም።

የቅጠል ክፍያ ከውሃና ከመብራት ጋር በአንድ ደረሰኝ ይመጣል። ቤተሰብ በወር አንድ ጊዜ ይከፍላል፣ የፈለገውን ያህል ያነባል። የአገሩ ክፍያ አንድ ቋት ውስጥ ገብቶ በተነበበው ገጽ ልክ ለደራሲዎቹ ይከፋፈላል። ዓይን ያላረፈበት ገጽ አይቆጠርም። አገላብጦ መዝለል አይሆንም፤ የማንበቢያ ሰሌዳው ዓይንን ያያል።

ባለቤቴ ኪሩቤል ከዚያ ቋት አሥራ አራት ዓመት ኖረ። ሳጅን ድንቄ የምትባል መርማሪ ነበረችው። ከጅቡቲ በሚመጣው መንገድ ላይ የሚጠፋ ጭነት ታፈላልጋለች፤ ሠላሳ አንድ መጽሐፍ ጻፈላት። ሰው መጽሐፍ የሚተወው በአሥራ አንደኛው ገጽ አካባቢ እንደሆነ ቅጠል ለደራሲዎች በየሳምንቱ ያሳውቃል። ስለዚህ በየአሥራ አንዱ ገጽ በር ይንኳኳል፣ ወይም ጎማ ይፈነዳል፣ ወይም ድንቄ ከማታውቀው ሰው ስልክ ይደወልላታል። የፍቅር ልቦለድ የሚጽፉት በየአሥራ ሁለት ቀኑ አንድ ያወጣሉ። ኪሩቤል በአምስት ወር አንድ ያወጣ ስለነበር ከዘገምተኞቹ ይቆጠር ነበር። በዝግታውም ቢሆን ኖረናል።

እኔ ስታቲስቲክስ አስተምር ነበር። መጽሐፎቹ ከመውጣታቸው በፊት እኔ አነባቸዋለሁ፤ በእያንዳንዱም አንድ ስሕተት አገኝ ነበር። አንዱ ላይ ተሳቢ ያለው መኪና ሃያ ጎማ አለው ይላል፤ ሃያ ሁለት ነው። ሌላው ላይ በዘመነ ማቴዎስ ጳጉሜን ስድስት ቀን ትሆናለች። አንዴ ፀሐይ በባቲ በኩል፣ በምሥራቅ፣ ጠለቀች። እርሳስ ይዤ ቁርስ ላይ እመጣና እነግረዋለሁ፤ «እንኳን አየሽው» ይልና ያስተካክላል። ሠላሳ አንድ መጽሐፍ፣ ሠላሳ አንድ ስሕተት። በቁጥር ሰነፍ ነው ብዬ አምን ነበር፤ ለእናቱም እንደዚያው ብያቸዋለሁ።

የሚጽፈው በቅጠል የጽሕፈት ገበታ ላይ ነው፤ ረቂቁም የቅጠል ነው። በቤታችን በወረቀት የቀረው የእጅ ጽሑፉ ሁለት ነገር ነው፤ መድኃኒት የሚወስድበት ሰዓትና የአንድ ቧንቧ ሠራተኛ ስልክ ቁጥር።

ሠላሳ ሁለተኛውን ሆስፒታል ተኝቶ ጻፈው። ለእኔ ሳያሳየኝ አወጣው። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው እስከ ስምንተኛው ምዕራፍ ድረስ እንደፈለግሁ ማንበብ እንደምችል ነገረኝ።

«ዘጠነኛውን ግን ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው» አለኝ።

ክፍሉ ውስጥ አራት አልጋ ነበር። ብቻዬን የምሆነው መቼ ነው ብዬ ጠየቅሁት። በዘጠነኛው ቀን ብቻዬን ሆንኩ።

ይህ የሆነው በ2071 ዓ.ም. የካቲት ላይ ነው።

ስምንቱን ምዕራፍ በመጋቢት አነበብኩ። አንድም ስሕተት አላገኘሁም። እንደገና አነበብኩ፤ ጎማዎቹ ሃያ ሁለት ናቸው፣ ፀሐይዋ በትክክለኛው በኩል ትጠልቃለች። መጽሐፉ የእሱ አልመስልሽ አለኝ። ስምንተኛው የሚያልቀው ድንቄ ባቲ ኬላ ላይ የመኪናዋን በር ስትዘጋ ነው። እዚያ ላይ ቆምኩ።

ዘጠነኛውን ከጀመርኩ መጽሐፉ ያልቃል፤ ካለቀ ከኪሩቤል አዲስ የሚመጣ ነገር አይኖርም። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፤ ይህንንም ለማንም አልተናገርኩም።

በየቀኑ ከምሳ በኋላ ሰሌዳውን እከፍታለሁ፣ የድንቄ መኪና በር እስኪዘጋ ድረስ አነባለሁ፣ ከዚያ እነሳለሁ። የታጠበ ብርጭቆ አጥባለሁ። መጋረጃ እሰበስባለሁ፣ መልሼ እዘረጋለሁ። ከሰባት ሰከንድ በኋላ ሰሌዳው «ይቀጥሉ?» ይለኛል። ካልተመለስኩ መጽሐፉ አልተመቸኝ እንደሆነ ይጠይቅና ስለ አንድ ሾፌርና ስለ አንዲት ነርስ የተጻፈ የፍቅር ልቦለድ ያቀርብልኛል። ሾፌርና ነርሷን ሰባት ወር አቀረበልኝ። በዚህ መሐል ነርሷ ሁለት ጊዜ አግብታለች።

በክረምቱ የኪሩቤል አንባቢዎች ሸሹ። መጽሐፉ ዝግ ያለ ነው፣ ደራሲውም ሌላ አይጨምርም። በቅጠል ደንብ አንድ ምዕራፍ በሩብ ዓመት አራት መቶ ጊዜ ሙሉ ለሙሉ ካልተነበበ ይታጠፋል። የታጠፈ ምዕራፍ አይከፈትም። ምዕራፎቹ በሙሉ ከታጠፉ መጽሐፉ ከነስሙ ይነሳል። ሠላሳ አንዱ በዚህ መንገድ አንድ በአንድ ሄደዋል፤ የመጀመሪያዎቹን አሥር ኪሩቤል ራሱ በሕይወት እያለ ሸኝቷቸዋል።

መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ጋሼ ኑረዲን ቤቴ መጣ። የቅሬው ዳኛ ነው። መኪና ሾፌር በሚፈልግበት ዘመን በጅቡቲ መስመር ተሳቢ ይነዳ ነበር። ኪሩቤል ስለ መኪና የሚያውቀውን ሁሉ ያወቀው እሱ ዘንድ ተቀምጦ ነው። ቅሬው እንደተስማማ ነገረኝ። ሟቹ የቅሬው አባል ናቸውና ይነበባሉ፤ ደግሞ ከላም ጡት ይሻላሉ አለ።

«መምህር፣ ስንት ያስፈልጋል?» አለኝ።

«አምስት ሺህ ስድስት መቶ ንባብ፤ እስከ ኅዳር መጨረሻ።»

«እንግዲህ ተነበበ ይበሉት።»

አሥራ አራት ምዕራፍ በአራት መቶ ሲባዛ ነው። ማባዛቱን ግን አልነገርኩትም፤ ድምሩን ብቻ ሰጠሁት። እያንዳንዱ ምዕራፍ ለራሱ አራት መቶ መሙላት አለበት ብል ስለ ምዕራፎቹ እናወራለን። ስለ ምዕራፎቹ ካወራን ስለ ዘጠነኛው እናወራለን። ሠላሳ ዓመት ለተማሪ ድምርና ክፍፍል አንድ እንዳልሆነ ሳስተምር የኖርኩ ሴት ነኝ።

ንባቡ እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በቅሬው አዳራሽ ነበር። መቶ አሥር ያህል ሰው ይመጣል። ዓይናቸውን ሞራ የሸፈናቸው ሰሌዳው ስለማያያቸው ከንባብ ነፃ ናቸው፤ ሻይ ያፈላሉ። ሌላው በየወንበሩ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። ከበሩ ለሚያየው ጸሎት ይመስላል። የሚሰማው የጋሼ ኑረዲን ሹክሹክታ ነው፤ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ማንበብ አይችልም። ውጭ መንገዱ ላይ ሾፌር የሌላቸው መኪኖች በእኩል ርቀት ያልፋሉ።

በሦስተኛው እሑድ ሰዉ ንባቡን መውደድ ጀመረ። በሻይ ሰዓት ስኳሩን የጫነውን መኪና ማን እንደወሰደው ይከራከሩ ነበር። ጋሼ ኑረዲን ሌባው የኬላው ሹም ነው ብሎ ያዘ። ሐያት ግን ቀድማ ጨርሳው ስለነበር ሹሙ አይደለም፣ ሚዛን መዛኙ ነው ብላ ለሁሉም ተናገረች።

ሐያት የቤቴ ሦስተኛ ጎረቤት ናት። በክር ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታ ጡረታ ወጥታለች። ሰፈሩ ሐያት ሬዲዮ ይላታል፣ እሷም ትሰማዋለች። ማን እንዳረገዘች ባሏ ሳያውቅ ታውቃለች። እሷ ስትገባ ወሬው ስለ አየር ጠባይ ይሆናል። ሌባውን ቀድማ በመናገሯ ቅሬው ሊቀጣት ፈለገ። በደንቡ ላይ እንዲህ ያለ ጥፋት ስላልተገኘ «በለቅሶ ላይ ሁካታ» በሚለው አንቀጽ ተቀጣች፤ ሁለት እሑድ ብርጭቆ አጠበች። እያጠበችም የሚዛን መዛኙን የአገር ልጅ እንደምታውቀው ትናገር ነበር።

እኔ ኋላ እቀመጥ ነበር። ከአንድ እስከ ስምንት አነባለሁ፤ ሳበቃ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። የእኔም ዓይን ይቆጠራል።

ጥቅምት ሊጋመስ ሲል አንድ እሑድ እንደወትሮው ሄድኩ። ጋሼ ኑረዲን በሩ ላይ ቆሞ ለሚገባው ሁሉ በጆሮው አንድ ነገር ይናገር ነበር። ለእኔ አልነገረኝም፤ ወንበር ሳበልኝ። ሴቶቹ ከወትሮው በላይ ጎንበስ አሉልኝ። የሆነ ሰው ታሞ ከእኔ የሚደብቁ መሰለኝ። አልጠየቅሁም። አለመጠየቅ ልማዴ ነው።

የኅዳር ወር ባለቀ ማግስት ጠዋት መልእክቱ ገባ። ጠቅላላ ንባብ ስድስት ሺህ አንድ መቶ ሠላሳ፣ እንኳን ደስ ያለዎት ይላል። ከሥሩ አንድ መስመር ነበር።

«ምዕራፍ 9 ታጥፏል። የታሪኩ ፍሰት ተሻሽሏል።»

መጽሐፉን ከፈትኩ። አሥራ ሦስት ምዕራፍ ነው። ድንቄ ባቲ ኬላ ላይ በሩን ትዘጋለች። ገጹን ስገልጥ ዘጠነኛ የሚል አለ። ከሥሩ ያለው ግን ሰሌዳዬ ላይ ከፍቼው የማላውቀው፣ አሥረኛ የነበረው ነው፤ ድንቄ ሚሌ ላይ ቁርስ ትበላለች። ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ገብቷል። «በማግስቱ ፀሐይ በተስፋ ወጣች» ይላል። ኪሩቤል በሠላሳ ሁለት መጽሐፍ ፀሐይን በተሳሳተ በኩል አጥልቋት ያውቃል፤ በተስፋ አውጥቷት ግን አያውቅም።

ከወንበሩ ተነሳሁ። ሳሎኑን ስንት ጊዜ እንደዞርኩት ቆጥሬያለሁ፤ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም።

ጋሼ ኑረዲን ደጃፉ ላይ የድሮ ፍሬቻ ይወለውል ነበር። ቁጥሩ መሙላቱን ሰምቷል፤ ደስ ብሎት ተነሳልኝ። ስለ ዘጠነኛው ጠየቅሁት። ዓይኑን ወደ ፍሬቻው መለሰ።

የምዕራፉ የመጀመሪያ መስመር እንዲህ ይል ነበር አለኝ፤ «ይህ ስለ ድንቄ አይደለም፣ ስለ ባለቤቴ ነው።» ያን ያየው የቅሬው ጸሐፊ ነበር። ሰሌዳውን ዘግቶ ወደ እሱ መጣ። ተመካከሩ። የሰው ጓዳ ነው አሉ። የሐዘንተኛን ጓዳ መቶ አሥር ሰው ተሰልፎ አይገባበትም። ከስምንት ወደ አሥር እንዲሻገሩ ለሁሉም በጆሮ ተነገረ። የጎደለውን ንባብ ስምንተኛውን ደጋግመው አንብበው ሞሉት።

«አንድም ሰው አላነበበውም፣ መምህር። እኔ እመሰክራለሁ» አለ። ይህን ያለው በኩራት ነበር። ቀጥሎ ፊቴን አየና ድምፁ ወረደ። «ነውር አደረግን?»

አላደረጋችሁም አልኩት። እውነቴን ነበር። ሁሉን ነገር አስልቼ ይሉኝታን ያላሰላሁት እኔ ነኝ።

በማግስቱ በደረቅ ወደቡ አጠገብ ወዳለው የቅጠል ቅርንጫፍ ሄድኩ። አውቶቡስ ውስጥ እያነበበ የሚጓዝ በግማሽ ዋጋ ስለሚሄድ ሁሉም ያነባል። መስኮት በኩል የሚያየው ሙሉ የከፈለ ነው። ከእኔ ፊት የተቀመጠች ሴት የነርሷን ሦስተኛ ሰርግ እያነበበች ታለቅስ ነበር፤ ፌርማታዋ አለፋት።

የተቀበለችኝ ቃልኪዳን የምትባል ወጣት ናት። ጨዋ ናት፤ ተነስታ ወንበር ሰጠችኝ፤ እናቴ ትለኝ ነበር። የታጠፈ ምዕራፍ እንዲከፈት ማመልከት የሚችለው ደራሲው ብቻ እንደሆነ አስረዳችኝ። ደራሲው መሞቱን ነገርኳት። መዝገቡን አይታ፣ አዎ ሞተዋል፣ ስለዚህ ማመልከቻ የለም አለች። ጽሑፉ ግን አልጠፋም ብላ አጽናናችኝ። የታጠፈ ጽሑፍ ተበትኖ ሌሎች መጻሕፍት ውስጥ ይገባል።

«ጥሩ ዓረፍተ ነገር አይባክንም፣ እናቴ» አለችኝ። «አንድ ቀን ሌላ መጽሐፍ ላይ ሊያገኙት ይችላሉ።»

«የእሱ መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

ይህን የጠየቃት ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም መሰለኝ። ሰሌዳዋ ላይ ፈለገችና ያላሰብኩትን ነገር ነገረችኝ። ምዕራፉ የታጠፈው ፈጽሞ ስላልተነበበ አይደለም። በሩብ ዓመቱ አራት ሙሉ ንባብ አለው፤ አራቱም የአንድ ሰው ናቸው። ስሙን መናገር አትችልም። ሰፈሩን ጠየቅኳት፤ ሰሌዳዋን ወደ እኔ አላዞረችም፣ ግን «ከእርስዎ ሩቅ አይደሉም» አለች።

በመመለሻው አውቶቡስ ሙሉ ከፈልኩ። ቢሆንም ሰሌዳዬን አውጥቼ ነርሷን አነበብኩ። የሰርጉን ምዕራፍ ያነበብኩት ስለ ሰርጉ ብዬ አልነበረም። በየመስመሩ፣ ይህ የእሱ ነው? ይህስ? እያልኩ ነበር። ነርሷ እርሳስ ስታነሳ መስመሩን ደግሜ አነበብኩት። ሙሽራው አሳዛኝ ነገር ሲናገር ጣቴን ገጹ ላይ አደረግሁ። ምንም ማረጋገጫ አልነበረኝም። ቀሪ ዕድሜዬን እንዲህ ልጨርሰው እንደምችል ታየኝና ሰሌዳውን ዘጋሁት። ፌርማታዬ ከመድረሱ በፊት ወረድኩ። ቀሪውን በእግሬ ሄድኩ።

አራት ጊዜ። ቅሬው በሙሉ አይነበብ ያለውን ምዕራፍ አራት ጊዜ የሚያነብ ሰው በሰፈራችን አንድ ብቻ ነው።

ሐያት በረንዳዋ ላይ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅም ነበር። ወዲያው አወቀች፤ ሰው ከአፉ በፊት ፊቱን ታነባለች። በርጩማ በእግሯ ገፋችልኝ።

«ለኑረዲን ነግረሽዋል?»

«አልነገርኩትም።»

«ከነገርሽው እስከ ፋሲካ ብርጭቆ ያሳጥበኛል። ወይ አላህ፣ ይኼ ዓይኔ!» ሰፌዱን አራገፈች። «አትቆጪኝ እቴ። አትግቡ ከተባለ እግሬ ያሳክከኛል፤ እንዲህ ተፈጥሬ ነው።»

እንዳልተቆጣሁ ነገርኳት። ለምን አራት ጊዜ እንዳነበበችው ጠየቅኋት።

«ሦስቱ ለወሬ ነበር» አለች። «ማን ምን እንዳለ፣ የቱ ጋ እንደሆነ፣ አጥርቼ ልይዘው። አራተኛው ለራሴ ነው።»

«ለማን አወራሽው?»

ለማንም አላወራችም። በሕይወቷ ይዛው የቀረች ወሬ ይኼ ብቻ እንደሆነ፣ ሁለት ወር ሆዷን እንደነፋት፣ አንድ ቀን ለድመቷ ልትነግር ደርሳ እንደተመለሰች ነገረችኝ። አንብቤው እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላነበብኩትም አልኳት። መታጠፉንም ነገርኳት።

የሐያት እጅ ምስሩ ላይ ቆመ።

የታጠፈ ጽሑፍ መቅዳት ያስቀጣል፤ በወረቀትም ቢሆን። መናገር እስካሁን አልተከለከለም። ቦርሳዬ ውስጥ እርሳስ ነበር፤ እዚያው ተውኩት።

«ያለውን ንገሪኝ» አልኳት።

«እኔ እንደሱ አልችልም እኮ። የእኔ ወሬ ነው የሚሆነው።»

«እንደሆነው ይሁን።»

ምስሯን እየለቀመች ጀመረች። መጀመሪያ ቅር አላት፤ በምዕራፉ ሃያ ሁለት ገጽ ሙሉ በር አልተንኳኳም፣ አንድ ጎማ እንኳ አልፈነዳም። ቢሆንም ሰው አይተወውም አለች። ከዚያ የእኔን አመጣጥ ታሳየኝ ጀመር፤ ወገቧን ቀጥ አድርጋ፣ አገጯን ሰብስባ፣ የምስር ፍሬ እንደ እርሳስ በሁለት ጣቷ ይዛ። በሩ ላይ ትንሽ ትቆማለች ይላል፤ ሰው ማረም ስለሚያሳፍራት። ከዚያ «አንድ ነገር አለ» ትላለች ይላል። ድምፁ የሐያት ነው፣ ቃሉ ግማሹ የሐያት ነው። በረንዳው ላይ ራሴን አየሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት መጻሕፍት ስሕተት እውነተኛ ስሕተት ነበር አለች። ከሦስተኛው ጀምሮ ያሉት ግን ሆን ተብለው የተቀመጡ ናቸው።

«እንዴት ሆን ብሎ?» አልኳት።

«ጎማውን አስቢው እንጂ አንቺ የተማርሽ! ኑረዲን ዘንድ ስንት ዓመት ተቀምጦ ጎማ ሲቆጥር የኖረ ሰው ሃያ ነው ብሎ ይሳሳታል? አንቺ እርሳስሽን ይዘሽ እንድትመጪ ነው። አንድ ጊዜ በሥራ ተጠምደሽ አንድ ሳምንት ስላልመጣሽ መጽሐፉን አላወጣውም፤ አስቀምጦ ጠብቆሻል። ይኼም ተጽፏል።»

ያን ሳምንት አስታወስኩት። የፈተና ሰሞን ነበር። መጽሐፉ ለምን እንደዘገየ ስጠይቀው ድንቄ አሟት ነው ብሎኝ ነበር።

እጆቼን ከሰፌዱ ጠርዝ ላይ አሳረፍኳቸው፤ ምስሩን መልቀም ጀመርኩ። ሐያት አላየችኝም፤ ማለት አየችኝና አላየሁም አለች። እንዲህ ያለ ነገር ታውቃለች ብዬ አልገመትኩም ነበር።

«አብሽሪ» አለችኝ ወደ ምስሩ። ከዚያ ቀጠለች።

ሆስፒታል ሆኖ ሲጽፍ ሠላሳ ሁለተኛውን ስሕተት የት እንደሚያስቀምጠው አስቧል አለች። በሌላው ምዕራፍ ቢያስቀምጠው የሚታረምበት ቁርስ የለም። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ አጥርቶ ጻፈ። ይህን ካለች በኋላ ስለ ተገናኘንበት ቀን መናገር ጀመረች። ሁለታችንም ተማሪዎች ነን። የቤተ መጻሕፍቱ በረንዳ ላይ ዝናብ ይዞናል። እሱ ጃንጥላ ይዟል፤ ግን መያዙን ደብቆ ከእኔ ጋር ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃል። ጃንጥላውን አላውቅም ነበር።

«እንግዲህ ማክሰኞ ነው» አለች ሐያት፤ «ከሰዓት በኋላ፣ ሰኔ ገብቷል...»

«ሐሙስ ነው» አልኳት።

ከእኔ ፈቃድ ውጪ ወጣ። አሥር ወር ሙሉ ለማንም «አንድ ነገር አለ» ብዬ አላውቅም ነበር። ሐያት የያዘችውን ምስር ሰፌዱ ላይ ጣለችና ቀና ብላ አየችኝ። ሳቅ ይሁን ሌላ፣ ፊቷ ላይ አንድ ነገር መጣባት።

«እዚህ ጋ ምን ይላል መሰለሽ?» አለችኝ። «‹ማክሰኞ ስል ሐሙስ ትለኛለች፤ ትበለኝ› ይላል።»

መንገዱ ላይ ሾፌር የሌለው መኪና አለፈ። በልማድ ጎማዎቹን ቆጠርኩ። ሃያ ሁለት ናቸው።

ሐያት ሰፌዱን ጭኗ ላይ አስተካከለች።

«ከዚህ ቀጥሎ ዝናቡ ነው ያለው» አለች። «ረጅም ነው። ልቀጥል?»

«ቀጥዪ» አልኳት።